የካታሎግ ዋጋና የገበያ ዋጋ፦ ስለ ዓለም ሳንቲሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካታሎግ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ሳንቲሙ ሲሸጥ እጅ የሚገባው ገንዘብ ለምን እንደሚራራቁ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ካታሎግ ላይ የተጻፈው የምን ዋጋ ነው?

አንድ ነጋዴ ያንን ሳንቲም፣ በዚያ የጥራት ደረጃ፣ ለሰብሳቢ በችርቻሮ ሲሸጥ ይጠራዋል ተብሎ የተገመተ ዋጋ ነው። ሲገመትም ጭረት፣ ቀዳዳ ወይም የመወልወል ምልክት የሌለበት ሳንቲም ታስቦ ነው። ነጋዴው ሲገዛ የሚከፍለው አይደለም፤ ሁለት ሰብሳቢዎች እርስ በርስ ሲሻሻጡ የሚቆርጡትም አይደለም።

በዓለም ሳንቲሞች ረገድ ለአሥርት ዓመታት መለኪያ ሆኖ የቆየው በ1972 መታተም የጀመረው የክራውዝና የሚሽለር ካታሎግ ነው። ሻጮች ከሳንቲሙ ስም ጎን የሚጽፉት «ኬኤም» የሚል ቁጥር ከዚያ የመጣ ሲሆን ዋጋዎቹ በአሜሪካ ዶላር ናቸው። እንዲህ ያለ ካታሎግ አንዱ ቅጽ ብቻ እጅግ ብዙ የዋጋ መስመር ስለሚይዝ በየዓመቱ ሁሉንም መከለስ የማይሞከር ነው። ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ሳንቲሞች ዋጋ ይታደሳል። ፈላጊ የሌላቸው ላይ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈው ቁጥር ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል።

ታዲያ ነጋዴው ለምን በካታሎጉ ዋጋ አይገዛኝም?

በዚያ ዋጋ ከገዛ የሚያተርፈው ነገር ስለሌለ። ሳንቲሙን መለየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መለጠፍ፣ መላክና ገዢ እስኪመጣ ገንዘቡን አስሮ መቀመጥ ሁሉ ወጪ ነው። ቶሎ የሚሸጥ፣ ፈላጊው የታወቀ ሳንቲም ከሆነ ነጋዴው እሸጥበታለሁ ከሚለው ዋጋ 60 ወይም 70 በመቶ ሊከፍል ይችላል። ለዓመት መሳቢያ ውስጥ የሚከርም ከሆነ ከሲሶ በታች ቢሰጥ አይገርምም። ስሌቱ የሚነሳው ነጋዴው በእርግጥ ከሚሸጥበት ዋጋ እንጂ ከካታሎጉ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ።

ካታሎጉ ለእያንዳንዱ ግማሽ ዶላር ይላል፤ ሺህ ፍሬ ካለኝ 500 ዶላር አለኝ ማለት ነው?

አይደለም። ለተራ ሳንቲም የሚሰጠው ዝቅተኛ ዋጋ የሳንቲሙ ሳይሆን የድካሙ ዋጋ ነው፤ ነጋዴው ከክምር መርጦ አንዷን ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ሲያቀርብ ከዚያ በታች ሊሸጥ አይችልም። በብዛት ሲሆን ግን እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች በኪሎ ነው የሚሸጡት። አማካይ ክብደታቸው 5 ግራም ቢሆን አንድ ኪሎ 200 ፍሬ ይይዛል፤ በወረቀት 100 ዶላር መሆኑ ነው። የዚህን ሩብ እንኳ የሚከፍል ገዢ ማግኘት ከባድ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ተመሳሳዩ በ5,000 ዶላር ተለጥፎ አየሁ። የእኔም ያንን ያወጣል?

ዋጋ መጥራት ገንዘብ አይጠይቅም። ማንም ሰው ማንኛውንም ቁጥር ሊለጥፍ ይችላል፤ ያልተሸጠ ሳንቲም ደግሞ ለወራት እዚያው ተሰቅሎ ስለሚቆይ ፍለጋው ሲደረግ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ይሆናል። መታየት ያለበት የተሸጠበት ዋጋ ነው። ኢቤይ ላይ በማጣሪያው ውስጥ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ይምረጡ፤ የቅርብ ጊዜዎቹን፣ በተለምዶ የ90 ቀን ያህሉን ያወጣል።

እዚያም አንድ ወጥመድ አለ። ሻጩ ከጠራው ዝቅ ያለ ዋጋ ተቀብሎ ሲሸጥ የሚታየው መጀመሪያ የጠራው ዋጋ በላዩ ተሰርዞበት ነው። 80 ተብሎ የተሰረዘ ሳንቲም 45 ሄዶ ሊሆን ይችላል። የተሰረዘ ዋጋ ያለበትን ከስሌት ያውጡት።

የገበያውን ዋጋ በራሴ እንዴት ላውጣ?

መጀመሪያ ሳንቲሙ ምን እንደሆነ በትክክል ይለዩ፦ አገር፣ የገንዘብ መጠን፣ ዓመት፣ የመቅረጫ ቤቱ ምልክት፣ ዲያሜትር፣ ክብደት። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛንና 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ በቂ ናቸው። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ በአንድ የኬኤም ቁጥር ሥር አንዱ ዓመት ተራ፣ ሌላው ውድ ሊሆን ይችላል፤ በዓመቱ ሥር ያለች አንዲት ፊደል ዋጋውን መቶ እጥፍ የምትለውጥበትም ጊዜ አለ። ቀጥሎ ደረጃውን በጭካኔ ይገምቱ። በሁለት ደረጃ መካከል ከዋለሉ ዝቅተኛውን ይውሰዱ፤ ገዢውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ያው ዓመት፣ ያው ምልክት፣ ተቀራራቢ ደረጃ ያላቸው ባለፉት 12 ወራት የተሸጡ ከአምስት እስከ አሥር ውጤቶች ይሰብስቡ። ለምሳሌ 14፣ 17፣ 18፣ 18፣ 20፣ 21፣ 24 እና 61 ዶላር ቢያገኙ አማካያቸው 24 ዶላር ይመጣል። ይህ ግን ያሳስታል፤ ሁሉንም ወደ ላይ የጎተተችው 61 ናት። ምናልባት ሁለት ተጫራቾች እልህ ተጋብተው ይሆናል፣ ወይም ሳንቲሙ በፎቶው ላይ ከሌሎቹ ይሻላል። በቅደም ተከተል ተደርድረው መሐል ላይ ያሉትን ሁለቱን፣ 18 እና 20ን ቢወስዱ 19 ዶላር ይሆናል፤ እውነተኛው ዋጋ ለዚህ ይቀርባል። ሻጭ ከሆኑ ከ19 ላይ የድረ ገጹን ኮሚሽንና የመላኪያውን ይቀንሱ።

የጨረታ ቤት ውጤት የበለጠ አይታመንም?

ከችርቻሮ ድረ ገጽ ይሻላል፤ ፎቶው ጥሩ ነው፣ ሳንቲሙን የለየው ባለሙያ ነው። ነገር ግን የተጻፈው ቁጥር የማን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። መዶሻው 100 ላይ ወደቀ፣ ማለትም ጨረታው በ100 ዶላር ተዘጋ እንበል። ገዢው 20 በመቶ የጨረታ ቤት ክፍያ ጨምሮ 120 ይከፍላል። ሻጩ 15 በመቶ ተቆርጦበት 85 ይወስዳል። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ዋጋ! ሄሪቴጅን የመሳሰሉ የአሜሪካ ቤቶች በመዝገባቸው ላይ የሚያወጡት በአብዛኛው የገዢው ክፍያ የተጨመረበትን ነው። ብዙ የአውሮፓ ቤቶች ግን የመዶሻውን ብቻ ይጽፋሉ። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ጎን ለጎን ማወዳደር ስሌቱን በአንድ አምስተኛ ያህል ያዛባዋል።

እንደ ኤሲሰርችና ኮይንአርካይቭስ ያሉ የጨረታ መዛግብት የብዙ ቤቶችን ውጤት በአንድ ቦታ ያሰባስባሉ፤ ዋጋውን ሙሉ ለማየት ግን ክፍያ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ርካሽ ሳንቲም ወደ ጨረታ ቤት ብቻውን ስለማይገባ መዝገቡ ውስጥ ያለው ምርጥ ምርጡ ነው። የተበላ ሳንቲም ይዞ ከዚያ ጋር ማነጻጸር አይሠራም።

ደረጃ ዋጋውን ይህን ያህል የሚለውጠው ለምንድን ነው?

ተራ ሳንቲም እንኳ ሳይነካ የተረፈው ጥቂት ስለሆነ። የደረጃ መለኪያው ከ1 እስከ 70 ይሄዳል፤ ዊልያም ሼልደን በ1949 ለአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። ካታሎጎች ግን ብዙ ጊዜ በአምስት ዓምድ ያጠቃልሉታል፦ ቪጂ፣ ኤፍ፣ ቪኤፍ፣ ኤክስኤፍ እና ዩኤንሲ፣ ማለትም ከተበላው እስከ ጨርሶ ገበያ ላይ ያልዋለው። በቪኤፍ 3 ዶላር የሚል ሳንቲም በዩኤንሲ 60 ሊል ይችላል። ባለቤቶች ሳንቲማቸውን በአንድ ወይም በሁለት ዓምድ ከፍ አድርገው ማየታቸው የተለመደ ነው። «ካታሎጉ ዋሸኝ» ከሚባለው ሁሉ ትልቁ ክፍል ካታሎጉ ሳይሆን ዓምዱ ነው የዋሸው።

ሳንቲም መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ በወጣው ቦታ ላይ ነው፦ የምስሉ ጉንጭ፣ ከጆሮ በላይ ያለ ጸጉር፣ የንስር ደረት። ሳንቲሙን ከአንድ አምፖል ሥር ቀስ እያሉ ያዘንብሉት። ያልተነካ ከሆነ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ላዩ ላይ ይሽከረከራል፤ በከፍታዎቹ ላይ ብርሃኑ ተቋርጦ ግራጫ ነጥብ ከታየ ምንም ያህል ቢያምር ዩኤንሲ አይደለም። ይህንን በፎቶ መለየት ያስቸግራል።

ከሌላ አገር ሻጭ ሲገዙ ደግሞ ቃላቱ ያሳስታሉ። የፈረንሳዩ «ትሬ ቦ» እና የጀርመኑ «ዜር ሾን» ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «በጣም ቆንጆ» ማለት ናቸው። ግን የፈረንሳዩ ከኤፍ ጋር፣ የጀርመኑ ከቪኤፍ ጋር ነው የሚገጥመው። በትርጉም ብቻ የሄደ ሰው አንድ ሙሉ ዓምድ ይስታል።

ከመሸጤ በፊት ላጽዳው?

በፍጹም። በጥርስ ሳሙና፣ በሎሚ፣ በቤኪንግ ሶዳ የተፈተገ ሳንቲም የላይኛው ቆዳው ይነሳል፤ በሌንስ ሲታይ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይተርፉታል። የካታሎጉ ዋጋ ያኔውኑ አይሠራም፤ ለሰብሳቢ ከግማሽ በታች መውረድ የተለመደ ነው። ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችም ቁጥር ከመስጠት ይልቅ «ጸድቷል» ብለው ይጽፉበታል።

የብርና የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ካታሎጉ ምን ያህል ይታመናል?

ለተራዎቹ ካታሎጉን ዘግተው የማዕድኑን ዋጋ ያስሉ። ክብደቱን በግራም ይያዙ፣ በንጽህናው ያባዙ፣ ለ31.1035 ያካፍሉ፤ የሚመጣው በትሮይ አውንስ የንጹሑ ማዕድን መጠን ነው። እሱን በዕለቱ የዓለም ዋጋ ያባዙ። የእንግሊዝ የወርቅ ሶቨሪን 7.988 ግራም ሆኖ 22 ካራት ስለሆነ 7.32 ግራም ንጹሕ ወርቅ፣ ማለትም 0.2354 አውንስ አለው። የታተመ ካታሎግ እዚህ ላይ የሚሸነፈው በጊዜ ነው፦ በመጋቢት 2020 አንድ አውንስ ብር ወደ 12 ዶላር ወርዶ ነበር፤ በነሐሴ ወር 29 ዶላር ደረሰ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የተዘጋጀ ዋጋ ገጹ ሳይደርቅ አረጀ።

ዓመቱን ማየት ግድ ነው። የእንግሊዝ ሀፍ ክራውን 14.14 ግራም ነው። እስከ 1919 የተቀረጸው 92.5 በመቶ ብር ስለሆነ 13.08 ግራም ብር አለው። ከ1920 እስከ 1946 ያለው 50 በመቶ ነው፣ 7.07 ግራም። ከ1947 ጀምሮ ግን ብር የሚባል ነገር የለውም። መልካቸው ተመሳሳይ ነው፤ የማዕድን ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ከካታሎጉና ከማዕድኑ ዋጋ ሌላ ሦስተኛ ወለል፣ ማለትም ዋጋው ከዚያ የማይወርድበት ልክ አለ፤ የሚረሳው እሱ ነው። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ የማርክ ሳንቲሞችን ያለ ጊዜ ገደብ በ1.95583 ማርክ አንድ ዩሮ ሒሳብ ይቀይራል። የ1972ቱ ኦሎምፒክ 10 ማርክ ስለዚህ ምንጊዜም ከ5.11 ዩሮ በታች አይወርድም። 15.5 ግራም ሆኖ 62.5 በመቶ ብር ስለሆነ የማዕድኑ ዋጋ ከዚህ የሚያልፈው አንድ አውንስ ብር ከ16.41 ዩሮ በላይ ሲሆን ነው። ከሁለቱ የሚበልጠውን መያዝ ነው።

ከመቅረጫ ቤቱ በሳጥንና በሰርተፊኬት የተገዛውስ?

ለመታሰቢያ ተብሎ በቀጥታ ለሰብሳቢ የተሸጠ ሳንቲም፣ ካታሎጉ የመነሻ ዋጋውን ደግሞ ቢጽፍለትም፣ በሁለተኛ ገበያ ብዙ ጊዜ ወደ ማዕድኑ ዋጋ ይወርዳል። ካናዳ ለሞንትሪያል ኦሎምፒክ ከ1973 እስከ 1976 ያወጣቻቸው 28 የብር ሳንቲሞች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ባለ 10 ዶላሩ 48.6 ግራም፣ ባለ 5 ዶላሩ 24.3 ግራም፣ ሁለቱም 92.5 በመቶ ብር ናቸው። ዛሬ የሚሸጡት በሚዛን ነው፤ ሳጥኑ የሚጨምረው ነገር እምብዛም የለም።

የተቀረጸው ብዛት ትንሽ ከሆነ ውድ ነው ማለት ነው?

ካታሎጉ ላይ ያለው ብዛት ስንት እንደወጣ ይናገራል እንጂ ስንት እንደተረፈ አይናገርም። አሜሪካ በ1918 በወጣ ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር አቅልጣለች፤ የትኛው ዓመት ምን ያህል እንደቀለጠ ግን አልተመዘገበም። በኒው ኦርሊንስ የተቀረጸው የ1903 የሞርጋን ዶላር ወደ 4.45 ሚሊዮን ቢወጣም ያልተነካው አልገኝ ብሎ በ1962 ካታሎግ ላይ 1,500 ዶላር ይባል ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ከረጢት ሙሉ ሲወጣ ዋጋው ወደ ጥቂት አሥር ዶላሮች ተንኮታኮተ። ካታሎጉን የያዘ ሰው አልተሳሳተም፤ ያልታየ ክምር ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ማርያ ቴሬዛ ብር፣ እኛ ጠገራ የምንለው፣ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ በተለያዩ አገሮች መቅረጫ ቤቶች ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በብዙ ሚሊዮን ወጥቷል። ካታሎጎች የቀድሞውንና በኋላ የተቀረጸውን ለይተው ይጽፋሉ። የኋለኛው 28.07 ግራም ሆኖ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ስላለው ዋጋው በአብዛኛው የብሩ ዋጋ ነው። ዓመቱን ብቻ አይቶ የቀድሞውን መስመር የሚያነብ ሰው ራሱን ያታልላል።

ፈላጊ ከሌለ ደግሞ ትንሽ ብዛትም አያድንም። 5,000 ብቻ ተቀርጾ የሚሰበስበው 300 ሰው ከሆነ ገበያው ሞልቶ ፈስሷል።

ገበያው ከካታሎግ በላይ የሚሆንበት ጊዜስ አለ?

አለ። የአገሩ ሕዝብ ኑሮው ተሻሽሎ የራሱን ታሪክ መልሶ መግዛት ሲጀምር ካታሎጉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቻይና ሳንቲሞች ከ2000 ወዲህ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ተራ የሚባል ሳንቲም እጅግ ጥሩ በሆነ ደረጃ ሲገኝም እንዲሁ፤ የካታሎጉ ዩኤንሲ ዓምድ ከ60 እስከ 70 ያለውን ልዩነት ሁሉ በአንድ ቁጥር ስለሚጠቀልለው።

ዋጋ የወጣበት ቦታ ግን ፎርጅድ ይከተላል። የቻይናው መሪ የዩዋን ሺካይ ምስል ያለበት የብር ዶላር በሐሰት ከሚሠሩት ቀዳሚው ነው። ክብደቱ ቢገጥም እንኳ ጥግግቱን ይፈትሹ፦ ሳንቲሙን በአየር ይመዝኑ፣ ቀጥሎ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገው ዜሮ ካስደረጉ በኋላ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለው ሥሩን ሳይነካ ያጥልቁት። የመጀመሪያውን ክብደት ሚዛኑ አሁን ለሚያሳየው ያካፍሉ። 90 በመቶ ብር ወደ 10.3 ይሰጣል፤ 9 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ብር አይደለም።

ደረጃው ተሰጥቶት በፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም ዋጋው የተረጋገጠ ነው?

የተረጋገጠው ትክክለኛነቱና ደረጃው ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች ፒሲጂኤስ ከ1986፣ ኤንጂሲ ከ1987 ጀምሮ ይህን ይሠራሉ፤ የራሳቸውን የዋጋ ዝርዝርም ያወጣሉ። ዝርዝሩ ብዙ ለሚሸጡ የአሜሪካ ሳንቲሞች የተሻለ ይሠራል፤ ለዓለም ሳንቲሞች ግን በሁለት ዓመት አንዴ ከተካሄደ ሽያጭ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

«በዚህ ደረጃ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው» የሚለውንም በጥርጣሬ ይዩት። ለአገልግሎቱ መክፈል የሚያዋጣው ውድ ሳንቲም ብቻ ስለሆነ ርካሾቹ ሳይላኩ ቀርተው ቁጥሩን ያሳንሱታል። በሌላ በኩል ከማሸጊያው አውጥቶ የተሻለ ደረጃ ፍለጋ ደጋግሞ የሚልክ አለ፤ ያው አንድ ሳንቲም ሁለት ሦስቴ ይቆጠራል።

የተሸጠበት መዝገብ ጭራሽ የሌለው ሳንቲምስ?

የካታሎጉ እውነተኛ ጥቅም የሚወጣው እዚህ ነው፤ አንዱ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይነግራል። የዚያኑ አገር፣ የዚያኑ ዘመን፣ በካታሎግ ተቀራራቢ ዋጋ ያላቸውና በቅርብ የተሸጡ ሦስት አራት ሳንቲሞች ይፈልጉ፤ እያንዳንዱ ከካታሎጉ ስንት በመቶ እንደተሸጠ ያስሉ። 55፣ 60 እና 70 በመቶ ከመጣ፣ 200 ዶላር የተባለው የእርስዎ ሳንቲም ከ110 እስከ 140 ነው ማለት ነው። ጎረቤቶቹን ሲመርጡ ግን ውዱን ከውድ ጋር ያነጻጽሩ። ተራው ዓመት በካታሎጉ አንድ አምስተኛ ሲሸጥ፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው አስቸጋሪ ዓመት ካታሎጉን ሙሉ ሊያወጣ ይችላል።

ኑሚስታ ላይ ያለውን ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የብርቅነት ቁጥር ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት፤ የሚለካው ሳንቲሙ በድረ ገጹ አባላት ስብስብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ነው። 90 የሚል ሳንቲም ማንም ሳይፈልገው በሁለት ዶላር ሲሸጥ ይታያል። በካታሎጉ የዋጋ ዓምድ ላይ ሰረዝ ብቻ ካለ ደግሞ አዘጋጆቹ ዋጋ ለመስጠት የሚበቃ ሽያጭ አላገኙም ማለት ነው፤ ርካሽ ወይም ውድ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ለአንድ ነጋዴ ብቻ አሳይቶ ከመሸጥ፣ ያንን አገር አዘውትሮ ለሚያጫርት ቤት በዝቅተኛ መነሻ ዋጋ መስጠት ይሻላል። ሁለት የሚፈልጉት ሰዎች ከተገኙ ዋጋውን እነሱ ያወጡታል።